ማርሚታው የማን ነው?

ወዳጄ ሆይ፣ እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። በገዛ ገንዘብህ የገዛኸው፣ ስምንት ሲሊንደር ያለው ጉልበተኛ መኪና አለህ እንበል። ጋራዥ ወስደህ ማርሚታውን አስቆርጠህ በምትኩ ቀጥ ያለ ቱቦ ብታስበይድና ሞተሩ በሙሉ ድምፁ እንዲሰማ ብታደርግ፣ የበደልከው ሰው አለ? አልሰረቅህም፣ አልዋሸህም፣ ማንንም አልመታህም። ታዲያ ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ብቻ ነው? ወይስ የሥነ ምግባር ጥያቄም አለበት?

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ ወይም በካሊፎርኒያ የምትኖር ከሆነ ጥያቄው ከአንተ ሩቅ አይደለም። ከጓደኞችህ አንዱ በተግባር መልሶት ይሆናል፤ ምናልባትም ጥያቄ መሆኑን ሳያስብ።

በመጀመሪያ ለድምፁ ወዳጆች የሚገባቸውን እንስጣቸው። የሞተር ድምፅ መውደድ ነውር አይደለም። የተለመደው የአሜሪካ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የሚያጉረመርመው በምክንያት ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ ያሉት አራት ሲሊንደሮች በእኩል ጊዜ ልዩነት አይተኩሱም፤ አንዴ ተቀራርበው፣ አንዴ ተራርቀው ይተኩሳሉ። በጭስ ማውጫው በኩል እንደ ከበሮ የሚሰማን ያ ያልተስተካከለ ምት ነው። የፌራሪ ስምንት ሲሊንደር ደግሞ የክራንክ ሻፍቱ ቅርጽ ሌላ ስለሆነ ምቱ እኩል ነው፤ ስለዚህ ከማጉረምረም ይልቅ ከፍ ባለ ቀጭን ድምፅ ይጮኻል። ሁለቱን ዓይኑን ጨፍኖ የሚለይ ወጣት ክራርን ከማሲንቆ እንደሚለይ ሰው ነው። ውበት ሰምቷልና አንንቀፈው።

ማርሚታ ታዲያ ምን ይሠራል? ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር የተቃጠለው ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ይወጣል፤ እያንዳንዱ አወጣጥም አንድ የድምፅ ሞገድ ይፈጥራል። በማርሚታው ውስጥ የተበሳሱ ቱቦዎችና የተከፋፈሉ ክፍሎች አሉ። ሞገዱ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ከሚመጣው ሞገድ ጋር ይጋጫል፤ አንዱም ሌላውን ያዳክመዋል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ደግሞ ድምፁን የሚውጥ ፋይበር ግላስ ይጠቀጠቃል። የኢንዲያና ሰዎች የሆኑት ወንድማማቾቹ ሚልተንና ማርሻል ሪቭስ ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የፈጠራ መብት ያገኙት በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን እንኳ ድምፁን ማለዘብ እንደሚያስፈልግ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በል። በመኪናህ ውስጥ ወንበሩ ለጀርባህ ነው፣ ማሞቂያው ለእግርህ፣ ሬዲዮው ለጆሮህ። ማርሚታው ግን አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ስሙን ለማታውቀው ሰው ነው። የጭስ ማውጫው አፍ ወደ ኋላ ነው፤ አንተ አልፈህ ስትሄድ ድምፁ ከኋላህ ከቆሙትና ከተኙት ጋር ይቀራል። ዋጋውን የከፈልከው አንተ ነህ፣ ክብደቱን የምትሸከመው አንተ ነህ፤ ጥቅሙን ግን የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው። ማርሚታ ማስቆረጥ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፦ በእኔ ገንዘብ የተገዛ፣ ለሌላው ሰው የሚሠራ ነገር፣ ባወልቀው መብቴ ነው?

«መኪናው የእኔ ነው» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ብረቱ ያንተ ነው። ድምፁ የሚጓዝበት አየር ግን ያንተ ብቻ አይደለም፤ የሚደርስበት መኝታ ቤትም ያንተ አይደለም። «ጉልበት ይጨምራል» ካልክም፣ በዛሬዎቹ መኪኖች ማርሚታውን ብቻ በማውለቅ የሚገኘው ጉልበት ብዙውን ጊዜ ነጂው ለይቶ የሚያውቀው አይደለም። «ለጥቂት ሰከንድ ነው» የሚለውስ? ለአንተ ጥቂት ሰከንድ ነው። ስትሠራ አድራ ጠዋት የተኛች ነርስ ግን አንዴ ከነቃች እንቅልፏ በሰከንድ አይመለስም። ከወላጆቻችን ስንቶቹ የሌሊት ፈረቃ እየሠሩ እንዳሳደጉን አስብ። ለእነርሱ «አሁን እኮ ቀን ነው» የሚለው መልስ አይሆንም።

«ሕግ አልጣስኩም» የሚለው መከራከሪያ ግን ጠንከር ያለ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ የቤት መኪና የጭስ ማውጫ ድምፅ በፍተሻ ከ95 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። ታዲያ መኪናህ 94 ቢለካ ጉዳዩ አለቀ? የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ፣ የሌሊት የመንገድ ድምፅ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ከዚያ ሲያልፍ እንቅልፍን ይጎዳልና። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት በተለያየ መንገድ ስለሆነ አንዱን ከሌላው መቀነስ አይቻልም። ነገር ግን ለሁለት ጥያቄ የተሰጡ ሁለት መልሶች ናቸው። የመጀመሪያው ነጂው የሚቀጣው መቼ እንደሆነ ይነግርሃል። ሁለተኛው ደግሞ የተኛው ሰው የሚጎዳው መቼ እንደሆነ ይነግርሃል። ሕግ የመጀመሪያውን ብቻ ቢጠይቅህ፣ ሁለተኛውን ራስህን የምትጠይቀው አንተ ነህ።

ወላጆቻችን ባደጉበት ሰፈር ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ጎረቤት ሐዘን ላይ ሲቀመጥ ሬዲዮ ይዘጋል። አራስ ያለችበት ቤት ካለ ልጆች ራቅ ብለው እንዲጫወቱ ይነገራቸዋል። ማንም ፖሊስ አይጠራም፣ ማንም ዴሲቤል አይለካም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የነበረውም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን እዚያ ጎረቤቱ ይታወቃል፤ ነገ ቡና ላይ ታገኘዋለህ። ለሚታወቅ ሰው ድምፅን መቀነስ ቀላል ነው። ዛሬ የምትኖርበት አፓርታማ ግን ሁለት መቶ መስኮት ይኖረው ይሆናል፤ ከኋላቸው ያሉትን ሰዎች አንዳቸውንም ላታውቅ ትችላለህ። ግዴታችን የሚያበቃው ትውውቃችን በሚያበቃበት ቦታ ነውን? እኔ አይመስለኝም። ባልንጀራ ማለት የማውቀው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ሰው በበዛበት ከተማ ባልንጀራ የለኝም ማለት ነው።

እንዲህ ስል ሞተሩ ፈጽሞ ዝም ይበል ማለቴ አይደለም። ፎርድ ለ2018 ሙስታንግ ያዘጋጀው ነገር አለ፤ ባለቤቱ ሰዓት መርጦ ይሞላዋል፣ በዚያ ሰዓት መኪናው ሲነሳ በጸጥታ ይነሳል። ስሙንም «የመልካም ጎረቤት» አሠራር ብለውታል። ድምፁ በ10 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ወደ 72 ይወርዳል፤ ይህም ለጆሮ በግማሽ የቀነሰ ያህል ነው። ሐሳቡ የመጣው ከኩባንያው መሐንዲሶች አንዱ ጉልበተኛ ሙስታንጉን ከቤቱ ሲያወጣ፣ በጩኸቱ የተነሳ ከጎረቤት በኩል ፖሊስ ስለተጠራበት ነው። ሰውዬው መኪናውንም ድምፁንም አልጠላም፤ ሁለቱ አብረው የሚኖሩበትን መንገድ ፈለገ። በካሊፎርኒያ ያለው የላጉና ሴካ የእሽቅድምድም ሜዳ እንኳ በአካባቢው ለሚኖሩ ሰዎች ሲል የድምፅ ገደብ አለው፤ ገደቡን ያለፈ መኪና ከሜዳው ሊወጣ ይችላል። ለፍጥነት በተሠራ ስፍራ ይህ ከተቻለ፣ ሰው በሚተኛበት መንገድ ላይ እንዴት ያቅታል?

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለአንተ ብቻ ላቅርብ፤ መልሱን ለማንም መናገር የለብህም። ድምፁን የምትወደው ለድምፁ ነው ወይስ ሰው ዞር ብሎ እንዲያይህ? ሰው በሌለበት ሰፊ መንገድ ላይ ብቻህን ብትሰማው ደስታህ ያው ከሆነ፣ የምትወደው ድምፁን ነው፤ ለዚያም ቦታና ሰዓት አይጠፋም። ደስታው የሚመጣው ሰው ሲደነግጥ ብቻ ከሆነ ግን የምትፈልገው ሌላ ነገር ነው። በሰው አገር አድጎ በትምህርት ቤትም በሥራም ማንም ያላስተዋለው የሚመስለው ወጣት፣ አንድ ጊዜ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማው ቢመኝ አይፈረድበትም። መሰማት ትልቅ የሰው ፍላጎት ነው። ሆኖም በመስኮት ብቅ ብሎ የተቆጣው ሰው መኪናህን ሰማ እንጂ አንተን አልሰማህም። የሚሰማህን ሰው በጋራዥ ሳይሆን በጓደኛ፣ በታላቅ ወንድም ወይም በእናትህ ማዕድ አጠገብ ፈልገው።

ይህን መለኪያም ለመኪና ብቻ አናድርገው። አዲስ አበባ ያለህ አንባቢ፣ ለሠርግ ድንኳን ማይክራፎንም፣ ለሱቅ በር ስፒከርም፣ ለአዳራሻችን ድምፅ ማጉያም እኩል ይሠራል። መዝሙሩ መልካም ስለሆነ ብቻ አጠገቡ ለሚኖረው በሽተኛ አይቀንስለትም።

እንግዲህ ማርሚታውን ለማስቆረጥ ቀጠሮ ይዘህ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ይህን አድርግ። እንዲህ የተሠራ መኪና ያለው ጓደኛህ አንድ ቀን ማለዳ በምትኖርበት መንገድ አንድ ጊዜ ይለፍ፤ አንተ ግን መኪናው ውስጥ አትግባ። ቤትህ አልጋህ ላይ ጋደም ብለህ ስማው። ከዚያ ተነሥና በመንገዱ ላይ ያሉትን መስኮቶች ቁጠር፤ ውሳኔህንም ከቆጠርህ በኋላ ወስን።