ጥምዝ መንገድ በቤታችን ጓሮ



በጸሎት ሕይወት ከሚገጥሙን ፈተናዎች መካከል እጅግ የሚከብደው፣ ብዙ ከተጓዝን በኋላ ከተነሣንበት ይልቅ የራቅን መስሎ ሲታየን ነው። በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ወራት በደስታ ይሮጥ የነበረ ንኡሰ ክርስቲያን በሁለተኛው ዓመት ልቡ ይደርቃል፤ ስለ ልጇ ለዓመታት ስትማልድ የኖረች እናት አንድ ቀን መቁጠሪያዋን ሰቅላ እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ ትላለች። እንዲህ ያሉትን ወገኖቻችንን በቃል ብቻ ማጽናናት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ እናንተ ካቴኪስቶች ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዐይን የሚያየውና እግር የሚረግጠው አንድ ጥንታዊ ምሳሌ በዚህ እትም እናቀርብላችኋለን። ጥቂት ጓሮ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ በድንጋይና በገመድ ሊሠራው ይችላል።

ምሳሌው ላቢሪንት የተባለው ጥምዝ መንገድ ነው። ስሙ ከግሪኮች አፈ ታሪክ የመጣ ነው፤ ዴዳሎስ የተባለ ጠቢብ በቀርጤስ ደሴት ለንጉሥ ሚኖስ የሠራው ሕንጻ ነበረ፣ በውስጡም ግማሹ ሰው ግማሹ በሬ የሆነ አውሬ ይኖር ነበር ይባላል። ታዲያ የአረማውያን ተረት ከቤተ ክርስቲያን ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። መልሱ የሚነሣው ከገዛ አህጉራችን ከአፍሪካ ነው። በዛሬዪቱ አልጄሪያ፣ ሽሌፍ በምትባለው ከተማ፣ በ324 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) በተመሠረተች ባሲሊካ ወለል ላይ በጥቃቅን ድንጋዮች የተነጠፈ ላቢሪንት ተገኝቶአል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሚታወቁት ላቢሪንቶች ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው። በመካከሉ አውሬው የለም፤ በአውሬው ፈንታ «ቅድስት ቤተ ክርስቲያን» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከመካከለኛው ፊደል ተነሥቶ በየአቅጣጫው እንዲነበብ ሆኖ ተደርድሯል። ሥራው ዛሬ በአልጀርስ ከተማ በቅዱስ ልበ ኢየሱስ ካቴድራል ይገኛል። እነዚያ የአፍሪካ አባቶች ተረቱን አልጣሉትም፤ በመካከሉ የሚጠብቀንን ግን ለወጡት። ሞት በነበረበት ቦታ እናታችን ቆማለች።

ከብዙ ዘመን በኋላ የፈረንሳይ ካቴድራሎች ይህንኑ ተቀበሉ። በሻርትር ካቴድራል በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተነጠፈው እስከ ዛሬ ይረገጣል። ስፋቱ ወደ 13 ሜትር ገደማ ነው፤ ከደጁ ወደ መካከሉ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ስድስት ሜትር ተኩል ያህል ይበቃዋል፤ መንገዱን ተከትሎ የሚሄድ ግን ከ260 ሜትር በላይ ይጓዛል። በኦሴር ካቴድራል ካህናቱ በትንሣኤ በዓል እየዘመሩና ኳስ እየተቀባበሉ በላቢሪንቱ ላይ ያሸበሽቡ ነበር፤ ልማዱ በ1538 ቀረ። በሬምስ የነበረው በ1779 ከወለሉ ተነቀለ፤ ምክንያቱም ልጆች እየሮጡበት ጸሎቱን አወኩ የሚል ነበር። (ልጆች በቤተ ክርስቲያን ሲሮጡ መቸገር የእኛ ዘመን ብቻ አለመሆኑ ያጽናናል።) ወደ ኢየሩሳሌም መሳለም ያልቻሉ ድኾች በምትኩ በላቢሪንቱ ይሄዱ ነበር የሚለው ነገር በብዙ መጻሕፍት ይደጋገማል፤ ይሁን እንጂ በዚያው በመካከለኛው ዘመን የተጻፈ ምስክር አልተገኘለትምና እንደ ተረጋገጠ ታሪክ አድርገን ለተማሪዎቻችን ባናስተምረው ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። በለንደን አጠገብ በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት እንዳለው ያለ፣ በረጃጅም የቁጥቋጦ አጥር የተሠራ የመዝናኛ መንገድ አለ። ያ ብዙ መንታ መንገድና ብዙ መውጫ የሌለው ስርቻ አለው፤ የተሠራው ሰው እንዲጠፋበት ነውና። የቤተ ክርስቲያን ላቢሪንት ግን መንገዱ አንድ ብቻ ነው። መንታ የለውም፣ ስርቻ የለውም። ይጠመዛል፣ ይመለሳል፣ ነገር ግን አያሳስትም፤ መሄድን ያልተወ ሰው ሁሉ መካከሉ ላይ ይደርሳል። ብዙዎቻችን እምነትን እንደ መጀመሪያው ዐይነት እንቈጥረዋለን፤ እግዚአብሔር ብልሆች ብቻ የሚፈቱት እንቈቅልሽ ያስቀመጠ ይመስለናል። ቶማስ መንገዱን እንዴት እናውቃለን ብሎ በጠየቀ ጊዜ ጌታችን ካርታ አልሰጠውም፤ መንገዱ ራሱ እንደ ሆነ ነገረው እንጂ።

ወደ ሥራው እንግባ። ለጓሮ የሚስማማው ሰባት ዙር ያለው ጥንታዊው ቅርጽ ነው። የእግር መንገዱ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ከፈለግን ወርዱ 9 ሜትር፣ ቁመቱ 8 ሜትር ያህል የሆነ ደልዳላ ቦታ ያሻናል፤ ቦታው ከጠበበ መንገዱን ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ማጥበብ ይቻላል። በወርዱ መካከል፣ ከመግቢያው ጠርዝ ሁለት ሜትር ያህል ገባ ብለን፣ አስቀድመን የምናሰምረው መስቀል ነው። ይህን የቅርጹ ባሕርይ ራሱ ይጠይቃል፤ እኛ ለስብከት ብለን የጨመርነው አይደለም። እያንዳንዱ የመስቀሉ ክንድ ከመካከሉ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። በአራቱ ክንዶች መካከል ባሉት ክፍት ቦታዎች አንዳንድ ማእዘን፣ ከማእዘኖቹም ውጭ አራት ነጥቦች እናደርጋለን፤ ሁሉም ከጎረቤቱ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከዚያም የመስቀሉን የላይኛውን ጫፍ በስተቀኙ ካለው የማእዘን ጫፍ ጋር እንደ ቀስት በጎበጠ መስመር እናገናኛለን፤ ቀጥሎ በስተግራ ያለውን የማእዘን ጫፍ ከላይኛው የቀኝ ነጥብ ጋር፤ ከዚያም ላይኛውን የግራ ነጥብ በቀኝ ከሚከተለው ጫፍ ጋር፤ እንዲህ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ እየወሰድን ስምንት ቀስቶች እስኪሞሉ ድረስ እንቀጥላለን። አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መለማመድ ብዙ ድካም ያስቀራል። መሬት ላይ ችካል፣ ገመድና ኖራ ወይም ዐመድ ይበቃል። መስመሩን በበጋ አስምሮ ድንጋዩን መደርደር፣ ክረምቱ ሲገባ በድንጋዮቹ ጥግ ጦስኝ፣ ጤና አዳም ወይም የጥብስ ቅጠል መትከል መልካም ነው። እሾኽ ያለው አበባ ቢያምርም ለዚህ አይሆንም፤ ልጆች ይሄዱበታልና። መረማመጃው ላይ ጠጠር ካልፈሰሰበት በሐምሌ ጭቃ ይሆናል። ዶሮ ያለው ቤት ደግሞ ተክሉ እስኪጸድቅ ድረስ ያጥረው።

መሬት የሌላችሁ፣ በኪራይ ክፍል ወይም በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ በኢጣልያ የሉካ ካቴድራል መግቢያ ዐምድ ላይ በድንጋይ የተቀረጸ ትንሽ ላቢሪንት እንዳለ እወቁ፤ በጣት የሚጓዙበት ነው። በወረቀት ወይም በሳንቃ ላይ ሥላችሁ እንዲሁ አድርጉ።

አሁን ወደ ልቡ ደረስን። ሠርታችሁ ስትሄዱበት የምታገኙት ይህ ነው። መንገደኛው እንደ ገባ ከውጭ ሲቈጠር በሦስተኛው ዙር ላይ ይገኛል። ወደ አራተኛው አልፋለሁ ሲል መንገዱ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ወደ መጀመሪያው፣ ማለትም ወደ ውጭኛው ጠርዝ ያወጣዋል። ከገባበት ይልቅ ርቋል። ከዚያ ወደ አራተኛው ይመለሳል፤ ከአራተኛውም በአንድ ጊዜ ወደ ሰባተኛው ይገባል። በሰባተኛው ላይ ከመካከሉ የሚለየው አንድ ረድፍ ድንጋይ ብቻ ነው፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። ነገር ግን በዚያ በኩል በር የለም። መንገዱ እንደገና ወደ ስድስተኛው፣ ወደ አምስተኛውም ያርቀዋል፤ ወደ መካከሉ የሚያስገባው በር ያለው በአምስተኛው ዙር መጨረሻ ነው።

ያቺን እናት በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ይዛችኋት ሂዱ። በውጭኛው ዙር ላይ ስትደርሱ አቁሟትና አሁን የት ነሽ ብላችሁ ጠይቋት። ውጭ ነኝ ትላለች፤ ዐይኗም እውነት ይናገራል። እግሯ ግን ከመንገዱ አልወጣም፤ መድረስ የሚለካውም በእግሯ ነው። እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብጽ ባወጣ ጊዜ በቅርቡ በፍልስጥኤማውያን አገር መንገድ አልመራቸውም፤ በምድረ በዳ ዞሩ። ጌታችንም ወደ ኤማሁስ ይሄዱ ከነበሩት ሁለቱ ጋር አብሮ የተጓዘው ከኢየሩሳሌም እየራቁ ሳሉ ነበር።

ሆኖም መራቅ ሁሉ እንዲህ ያለ አይደለም። ድንጋዩን ተሻግሮ የወጣ፣ የባልንጀራውን ድርሻ የነጠቀ ወይም ትዳሩን የተወ ሰው በውጭኛው ዙር ላይ ነኝ ብሎ ራሱን ሊያጽናና አይገባውም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ምሥጢረ ንስሓ ነው። ላቢሪንት ምሥጢር አይደለም፣ ክታብም አይደለም፤ በሽታ አያድንም፣ የእሑድን ቅዳሴ አይተካም። ፍኖተ መስቀልን በምንጸልይበት ልማድ፣ በበዓላትም በዑደት ቤተ መቅደሱን በምንዞርበት ልማድ እግራችን መጸለይን ያውቃል፤ ይህም የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ማታ ቤተ ሰቡ ተራ በተራ፣ በየዙሩ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እያደረሰ ቢሄድበት ይበቃል።

የመግቢያውና የመውጫው መንገድ አንድ ስለ ሆነ የሚገባውና የሚወጣው በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ተኳርፈው የሰነበቱ ባልና ሚስት ቢሆኑም ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ ማለፍ አይችሉም። ሕጉ ይህ ይሁን፦ ከመካከሉ የሚመለሰው ወደ ድንጋዩ ጠጋ ብሎ ይቁም፣ ገና ለሚገባው መንገድ ይልቀቅ። የቤቱ አባት ሆኖ የሚገባው ታናሹ ልጁ ቢሆንም ቆሞ ያሳልፈው።