የማይሰበር ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው ወይ?

ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ከአሜሪካ፣ ከሂዩስተን ከተማ፣ ለዕረፍት የመጡ አጎቱን እዚያ አገኘናቸው። ጨዋታው ከዝናቡ ተነሥቶ ወደ ቴክሳስ ሙቀት ዞረና ጋሼ መጀመሪያ በተከራዩት ቤት መስኮት ላይ ስለነበረው አሮጌ የአየር ማቀዝቀዣ ያወሩን ጀመር። ክብደቱ የሁለት ሰው ሸክም፤ ሲነሣ የመስኮቱን መስተዋት የሚያንቀጠቅጥ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ያልከዳቸው። «እኔ ስገባ አሮጌ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ስወጣም ይሠራ ነበር። የዛሬው ዕቃ ዕቃ ነው እንዴ! አምስት ዓመት ከቆየላችሁ እልል በሉ» አሉን። የሞተ ወዳጅ እንደሚያነሡ ነበር ያነሡት።

ወደ ዶርም ስንመለስ ነገሩ ክርክር ሆነብን። ለመሆኑ ለአንድ ዕቃ ረጅም ዕድሜ በራሱ መልካምነት ነው ወይ?

ከመካከላችን አንዱ «አዎን» አለ። ዕቃ ማለት ሠሪው ለማያውቀው ሰው የሚገባው ቃል ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሠራ ማሽን ሠላሳ ዓመት የተጠበቀ ቃል ነው። ሌላው ደግሞ «ቀስ በል እንጂ» አለው። በዚያው ዘመን ተሠርተው በሁለተኛው ዓመት የተጣሉትን ማን ያነሣቸዋል? ከድሮ ዕቃ የምናየው የተረፈውን ብቻ ነው፤ ከተረፈው ተነሥቶ ዘመኑን ሁሉ ማመስገን ስሕተት ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ዳሩ ግን ሁለቱም የተናገሩት ከመስኮቱ ወዲህ ስላለው ሰው ብቻ መሆኑ የገባን ኋላ ነው።

እስቲ የማሽኑን አሠራር እንመልከት። ዘመናዊው የአየር ማቀዝቀዣ የተጀመረው ለሰው ምቾት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዊሊስ ካሪየር የሚባል ወጣት መሐንዲስ በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ለነበረ ማተሚያ ቤት ነደፈው፤ እርጥበቱ ወረቀቱን እያሰፋ ቀለሙ ከቦታው ይዛነፍ ነበርና። ታዲያ ማሽኑ ብርድ አይፈጥርም። በቧንቧው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ የክፍሉን ሙቀት ይቀበላል፤ ኮምፕረሰሩ ጨምቆ ወደ ውጭው ወገን ይልከዋል፤ ሙቀቱም እዚያ ይጣላል፣ የሞተሩ ሙቀት ተጨምሮበት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ነገሩ፣ ውስጥ ያለው የሚቀዘቅዘው ውጭ ያለው ሲሞቅ ነው።

የእነዚያ የመስኮት ማሽኖች ጋዝ በአብዛኛው አር-22 የሚባለው ነበር። ካመለጠ የኦዞንን ሽፋን ይጎዳል፤ ምድርን የማሞቅ ኃይሉም በመቶ ዓመት ስሌት፣ ክብደት ለክብደት፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,700 ጊዜ በላይ ነው። የ1987ቱ የሞንትሪያል ውል ኋላ በተደረጉለት ማሻሻያዎች ይህንንም ጋዝ አካተተ፤ አሜሪካም ከ2020 ጀምሮ አዲስ ማምረቱንና ማስገባቱን ከለከለች።

በሌላ ቀን ጋሼን ጠየቅናቸው። «ጋዙ ሲያንስስ?»

«ሠራተኛ መጥቶ ይሞላዋላ።»

«የጎደለው የት ሄዶ ነው?»

«ወደ ሰማይ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ቀጥሎም ዝም አሉ።

እኛ በጋሼ ልንፈርድ አንችልም። በቀን ሁለት ሥራ ሠርተው የሚተኟት እንቅልፍ የዚያ ማሽን ስጦታ ነበረች። ለደከመ ሰው ቀዝቃዛ ክፍል ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር፣ በነሐሴ ሂዩስተን አድሮ ይንገረን። ፍቅራቸው ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። አዲሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ለዚያው ቅዝቃዜ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ማሽን ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ ቢበቃውም፣ በየጥቂት ዓመቱ ከተጣለ ብረቱም ጋዙም ሌላ ሸክም ነው።

እንግዲህ የደረስንበት ይህ ነው። ዕድሜ ብቻውን መልካምነት አይደለም፤ ለባለቤቱ ብቻ የሆነ ታማኝነትም ግማሽ ታማኝነት ነው። ጥሩ ዕቃ የምንለው የሚቆይ፣ ሲበላሽ የሚጠገን፣ ዘመኑ ሲያበቃም ጋዙ ወደ አየር ሳይለቀቅ የሚሰበሰብለት ነው። ይህን ደግሞ ማሽኑ ብቻውን አያደርገውም፤ ሰው ይፈልጋል።

የቀረው ጥያቄ የእኛው ነው። እኛን የሚያቀዘቅዘን ነገር ሁሉ ሙቀቱን የሚጥለው በማን ደጃፍ ይሆን? ክርክሩ ገና አላለቀም፤ ሌላ ሐሳብ ያለው ወንድም ወይም እህት ብዕሩን ያንሣ።