በመዶሻ የማይወጣ



በቀደም ልብስ ሳሰጣ የማዳሜ ልጅ መኪናውን ራሱ ሲፈታ አየሁት። ብሎኑ ቢፈታም የሞተሩ ፑሊ ዝጎ ከዘንጉ ጋር ተጣብቋል። ጠርዙን በመዶሻ ቢመታው ጠርዙ ተሰበረ እንጂ ፑሊው ንቅንቅ አላለም። ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፋበትና ተወው። በነጋታው መንቀያ አምጥቶ፣ መሐሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች አስሮ፣ ቀስ እያለ አጠበቀው። ቀጥ ብሎ ወጣ!

እኔም የሦስት ወር ደመወዜ ተይዞብኝ ልቤ ዝጓል። በእልህ ስቀጠቅጠው የተሰበርኩት እኔው ነኝ። ዕብራውያን 12፥15 ስለ መራራ ሥር ያስጠነቅቀናል። ገንዘቤን መጠየቅ አልተውም፤ ምሬቱን ግን ሌሊት በጸሎት አርሼ ለጌታ ልተውለት። እሱ ከመሐል ይንቀለው። እናንተስ፣ ምን ተጣብቆባችኋል?

ጌታ ይርዳን። አሜን።