በሥራ ባልደረባ ላይ ስለ መናገርና ስለ ዝምታ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፦

ወንድሜ ሆይ፥ ከሥራህ ተመልሰህ፥ የዒሻን ሰላት ሰግደህ፥ ከልጆችህ ጋር ስትቀመጥ አንድ ነገር ልብህን የሚከብደው ጊዜ ይኖራል። ይኸውም አብሮህ የሚሠራው ሰው ለሌሎች ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ሲያደርግ አይተህ ዝም ያልህ እንደሆነ ነው። «ብናገር ሐሜት ይሆንብኛል፤ ዝም ብል ደግሞ ደም ይሆንብኛል» እያልህ በሁለት ፍርሃት መካከል ትቆማለህ። የዛሬው ምክራችን ስለዚህ ነገር ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንተ የጭነት መኪና ረዳት ነህ እንበል። ሾፌሩ በዕድሜ የሚበልጥህ፥ ሥራውን ያስተማረህ፥ በችግርህም ቀን ያበደረህ ሰው ነው። ዳሩ ግን ይህ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ መሪ ይይዛል፤ እንቅልፍ ሲያሸንፈውም ጫት እየቃመ ራሱን ያታልላል። ቁልቁለት ላይ ዓይኑ ሲከደን ሁለት ጊዜ አይተኸዋል። እርሱም «ልጆቼን የማሳድገው በዚህ መሪ ነውና ለማንም እንዳትነግርብኝ» ብሎ ለምኖሃል። የመኪናው ባለቤት ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። እንግዲህ ምን ታደርጋለህ?

በመጀመሪያ አደጋውን በትክክል መዝን። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። የሾፌሩ ዓይን ለ3 ሴኮንድ የተከደነ እንደሆነ መኪናው 50 ሜትር ያህል ያለ ሾፌር ሄደ ማለት ነው። በዚያች 50 ሜትር ውስጥ እናት ልጇን አዝላ ትሻገር ይሆናል፤ ሕዝብ የሞላበት አውቶቡስም ከፊት ይመጣ ይሆናል። የዘመናችን ሐኪሞች መርምረው እንዳረጋገጡት ለ17 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ የሚያሰክር መጠጥ እንደ ጠጣ ሰው ይደክማል። ጫትም እንቅልፍን ቢያዘገይ እንጂ የደከመውን አካል አያሳርፍም።

ሐሜትን መፍራትህ ግን መልካም ፍርሃት ነው። አላህ በሑጁራት ምዕራፍ ሐሜተኛውን የሞተ ወንድሙን ሥጋ ከሚበላ ሰው ጋር አመሳስሎታል። ነቢያችንም (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) የሙስሊምን ነውር የሸፈነ ሰው አላህ ነውሩን እንደሚሸፍንለት አስተምረዋል። ስለዚህ አንደበቱን የያዘ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይነቀፍም። ነገር ግን እንድንሸፍነው የታዘዝነው ነውር የትኛው ነው?

ኢማም ነወዊ፥ በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቅ ዓሊም፥ ይህን ጥያቄ መልሰውታል። መሸፈን የሚገባው ክፋት ልማዱ ያልሆነ ሰው ወድቆበት ያለፈው ኃጢአት ነው። ሰውየው አሁን በድርጊቱ ላይ ካለ ግን የሚችል ሰው ሊከለክለው ይገባል፤ ያልቻለም እንደሆነ፥ የባሰ ጥፋት የማያመጣ ሲሆን፥ ሊከለክለው ወደሚችለው ባለ ሥልጣን ያቀርበዋል። እንግዲህ ልዩነቱን አስተውል፦ ወንድምህ በቤቱ፥ በእርሱና በጌታው መካከል የሠራው ኃጢአት መጋረጃው አይነሣም። በሌላ ሰው ነፍስ ላይ የሚያልፈው አደጋ ግን የእርሱ ብቻ ምሥጢር አይደለም፤ መንገደኛውም ድርሻ አለበት።

ኑዕማን ኢብን በሺር አስተላልፈውት ኢማም ቡኻሪ የመዘገቡትን የመርከቡን ምሳሌ አስብ። ሰዎች በአንዲት መርከብ ተሳፈሩ፤ ገሚሶቹ ከላይ ገሚሶቹ ከታች ነበሩ። የታቾቹ ውሃ ለመቅዳት ወደ ላይ መመላለሱ የላዮቹን የሚያስቸግር መሆኑን አይተው በራሳቸው ወገን መርከቧን ሊቀዱ አሰቡ። ነቢያችን እንዳስረዱት የላዮቹ ዝም ቢሉ ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ግን ሁሉም ይድናሉ። አንባቢ ሆይ፥ እነዚያ የታቾቹ ክፉ አሳቢዎች እንዳልነበሩ ልብ በል። እንዲያውም ሰውን ላለማስቸገር አስበው ነበር። ያንተም ሾፌር ልጆቹን ለማሳደግ ይደክማል እንጂ ሰው ለመግደል አላሰበም። የአሳቡ መልካምነት ግን ቀዳዳውን አይደፍነውም።

ደግሞም ኢማም ነወዊ ሰውን በሌለበት ማንሣት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ጉዳዮች ቆጥረዋል። ከነዚህ አንዱ ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ነው፤ በዚህም ውስጥ፥ አንድ ሰው የተሰጠውን ኃላፊነት ባለመቻሉ ወይም በቸልተኝነቱ ሳይፈጽም ቢቀር ለበላዩ መንገር እንደሚገባ ጽፈዋል። ነቢያችንም ፋጢማ ቢንት ቀይስ ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀዋት ምክር ስትለምናቸው የሁለቱንም ጉድለት በልኩ ነግረዋታል። ለአንዲት ሴት ኑሮ ሲባል ይህ ከተነገረ፥ ለብዙዎች ነፍስ ሲባል እንዴት አይነገር?

ነገር ግን እኒሁ ኢማም እዚህ ላይ ብዙ ሰው እንደሚሳሳት አስጠንቅቀዋል። ቅናት ያደረበት ሰው ሰይጣን ነገሩን እያስመሰለበት፥ ምክር የሚሰጥ መስሎት ይናገራል። ስለዚህ ከመናገርህ በፊት ልብህን ጠይቅ፦ መሪው ለአንተ እንዲሰጥህ ትመኛለህን? አንድ ቀን የተናገረህ ቃል እስካሁን ይቆጠቁጥሃልን? ከሆነ፥ ዝም አትበል፤ ነገር ግን ያየኸውን ብቻ፥ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገር።

የአነጋገሩም ሥርዓት እንዲህ ነው። አስቀድመህ አረጋግጥ፤ ከሰው የሰማኸውን እንዳየኸው አድርገህ አታቅርብ፥ ወሬ ሲመጣ መመርመርን አላህ አዝዞናልና። ቀጥሎ ለራሱ ለሰውየው በብቻው፥ በአክብሮት ንገረው። «አባቴ ነዎት፤ ስለምወድዎት ነው፤ ዛሬ ሳይተኙ አንሄድም» በለው። ከተመለሰ ነገሩ በመካከላችሁ ይቀበር። ካልተመለሰ ለመኪናው ባለቤት ወይም ለሥራው ኃላፊ ንገር እንጂ በሻይ ቤት አታውራው። ለሚከለክለው ሰው የተነገረ ነገር ምክር ሲሆን ያው ነገር ለማይከለክለው ሰው ሲነገር ሐሜት ይሆናልና። አደጋው በደጅ ከሆነ ግን፥ ሰውየው እየወላገደ መሪ ሊይዝ ሲል፥ ይህን ተራ አትጠብቅ፤ ጉዞውን አስቁም፥ ሌላውን ሰው ጥራ።

«እንጀራውን ዘጋሁበት» የሚለው አሳብ ሌሊት እንደሚያስጨንቅህ እናውቃለን። ይህም በውነት ከባድ ነው። ሆኖም የኡስማኒያ መንግሥት ሊቃውንት ከ1869 እስከ 1876 ድረስ ባዘጋጁት የመጀለ ሕግ 26ኛው አንቀጽ የብዙዎችን ጉዳት ለመመለስ የአንዱን ጉዳት መሸከም እንደሚገባ ደንግገዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋም፥ ራሳቸው በኩፋ የጨርቅ ነጋዴ የነበሩት፥ ለአካለ መጠን የደረሰን ሰው ከሥራው ማገድን እጅግ የሚጠሉ ሲሆኑ ሦስት ሰዎች ግን ይታገዱ ብለዋል፦ ሕዝብን የሚያሳስት ሙፍቲ፥ ያልተማረ ሐኪም፥ የመጓጓዣ እንስሳ ሳይኖረው ኪራይ የሚቀበል አጓጓዥ። የሦስቱም ጉዳት ከራሳቸው አልፎ ወደ ሕዝብ ይደርሳልና። ደግሞስ ሾፌሩ ገደል ቢገባ ልጆቹን ማን ያሳድጋቸዋል? በደለኛን ከበደሉ መያዝ እርሱን መርዳት መሆኑን ነቢያችን አስተምረውናል።

አሁን ቃላችን ወደ አንተ ነው፥ ነጋዴው ሆይ፥ ባለ መኪናው ሆይ። ረዳቱ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ሲነግርህ «ነገረኛ» ብለህ አታባርረው፤ ስሙንም ለሾፌሩ አሳልፈህ አትስጥ። ሾፌሩንም ሳትሰማው አትፍረድበት። ጥፋቱ እውነት ከሆነ ከመሪው አንሣው እንጂ ከእንጀራው አታንሣው፤ በመጋዘን፥ በሚዛን፥ በጭነት ቁጥጥር ሥራ ልታቆየው ትችላለህ። ከሁሉ በፊት ግን ራስህን መርምር። «ዕቃው ለገበያ ቀን ካልደረሰ ደመወዝ የለህም» ብለህ እንቅልፉን የነሣኸው አንተ እንዳትሆን።

ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ካልተናገረው ይልቅ ተጠያቂ ነው። በቤይሩት ወደብ፥ በ12ኛው መጋዘን፥ ለማዳበሪያና ለፈንጂ የሚያገለግል አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ነገር 2,750 ቶን ተከማችቶ ከ2014 ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። የጉምሩክ ሹማምንት ዕቃው እንዲነሣ ለዳኛ ደጋግመው ጽፈው ነበር፤ ነገር ግን አልተነሣም። በአውሮጳውያን አቆጣጠር ኦገስት 4 ቀን 2020 ፈንድቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ቆሰሉ። ስለዚህ ወንድሜ፥ አንድ ጊዜ ተናግረህ ሰሚ ብታጣ «ግዴታዬን ፈጽሜያለሁ» ብለህ አትተኛ። ከርሱ በላይ ላለው ንገር፤ ለትራፊክ ፖሊስ መንገርም ቢያስፈልግ ንገር፤ አንተም በዚያ መኪና አትሳፈር።

እኅቴ ሆይ፥ ባልሽ ወይም ወንድምሽ ሾፌር ከሆነ ዕረፍቱን በቤት ጠብቂለት፤ ሳይተኛ ሲነሣም ዝም ብለሽ አትሸኚው። በረካ ከደረሰው ዕቃ ብዛት ሳይሆን በሰላም ከተመለሰው ሰው ጋር ይገባልና።

አላህ ሆይ፥ እውነትን በልኩ የሚናገር አንደበት፥ ከቅናት የነጻ ልብ፥ ምክርን የሚሰማ ጆሮ ስጠን። መንገደኞቻችንን በሰላም ለቤታቸው አብቃ። በወንድማችን ደም ከመጠየቅ ጠብቀን። አሚን።