ስለ ሕመምተኛው ድምፅ

የሰው ልጅ በራሱ ላይ ያለውን ሥልጣን በአንድ አፍታ የሚያጣበት ሰዓት ቢኖር ድንገተኛ ሕመም የጣለው ሰዓት ነው። ትናንት በቤቱ ጌታ፥ በመሥሪያ ቤቱ አዛዥ የነበረው ሰው ዛሬ በቃሬዛ ላይ ይዘረጋል፤ ስለ ሕይወቱም የሚቈርጡለት ሌሎች ይሆናሉ። በዚህ ሰዓት ሐኪሙ ማዘዝ፥ ሌላው መታዘዝ እንዳለበት አያከራክርም። ደሙ ለሚፈስ ሰው ጉባኤ አይጠራለትም። ነገር ግን ሕመምተኛው በዚያ ሰዓት መናገር ካልቻለ፥ ድምፁ የሚሰማው መቼ ነው?

ስለ አዳማ (ናዝሬት) እናስብ። ከተማዪቱ የመንገዶች መጋጠሚያ ናት። 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ፈጣን መንገድ ከአዲስ አበባ ይደርስባታል፤ ከእርስዋም አንዱ ጐዳና ወደ አሰላ፥ ሌላው ወደ መተሐራ ይሄዳል። ሞጆ ላይ ደግሞ ወደ መቂ፥ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። ቀድሞ በኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያነት ይጠራ የነበረው፥ ዛሬ የሕክምና ኮሌጅ የሆነው የአዳማ ሆስፒታል በመኪና የተጐዳውንም፥ ምጥ የጠናባትንም ይቀበላል። ሐኪሙ ግን የሚያየው ከበሩ ወዲህ ያለውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ እናቶች ሞት የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ሦስት መዘግየቶችን ለይቶ አሳይቷል፤ እነርሱም ወደ ሕክምና ለመሄድ በመቍረጥ፥ ከሕክምናው ቦታ በመድረስና ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ረገድ የሚደርሱ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ የሚሆኑት ሐኪሙ በሌለበት ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ያልሄደበትን መንገድ ብቻውን እንዴት ያቅደዋል? በሌሊት መኪና የሚገኘው ከማን ቤት እንደ ሆነ፥ በክረምት የትኛው መንገድ በጭቃ እንደሚዘጋ፥ ባል በሌለበት ለሚስቲቱ የሚቈርጥላት ማን እንደ ሆነ የሚያውቀው በዚያ ያለፈ ሰው ነው። ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቁ ሽማግሌ ሕመማቸውን በማያውቁት ቋንቋ ሲጠየቁ ምን ያህል ጊዜ በከንቱ እንደሚያልፍም የሚመሰክሩት እርሳቸው ናቸው።

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የገጠር ሰዎች የቃሬዛ እድር አቋቁመው ሕመምተኛን በትከሻቸው ወደ ሕክምና ያደርሱ ነበር። ቃሬዛው የት እንደሚቀመጥ፥ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚሸከም የሚመክሩት ራሳቸው ነበሩ። የዛሬው ተሸካሚ ነገ እርሱም ተሸካሚ እንደሚያሻው ስለሚያውቅ ዕቅዱን በቸልታ አያየውም። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻና በ1971 ዓ.ም. መባቻ በአልማ አታ የተሰበሰበው የዓለም ጉባኤም ሕዝብ የጤና አጠባበቁን በማቀድና በመፈጸም ለመሳተፍ መብትም ግዴታም እንዳለው አውጇል።

«ያልተማረ ሰው ስለ ሕክምና ምን ይመክራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መድኃኒቱን ይምረጥ፥ ቢላዋውን ይያዝ ያለው የለም፤ የሚጠየቀው የሚያውቀውን ነው። ከዚህ የሚከብድ ሌላ ተቃውሞ አለ። ስብሰባ ቢጠራ ከፊት ወንበር ተቀምጦ የሚናገረው ባለጸጋውና ባለሥልጣኑ ነው፤ የቀን ሠራተኛው፥ ልጅዋን በመንገድ ላይ ያጣችው እናት፥ ገንዘብ አጥሮት ከበር የተመለሰው ሰው አይገኙም። ይህ እውነት ነው። ስለዚህም መጥራት ብቻ አይበቃም፤ ያልመጣውን ከያለበት ፈልጎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውም አምቡላንሱ የሚቆምበት ቦታ ሳይወሰን፥ ገንዘቡም ሳይመደብ መሆን አለበት። ዕቅዱ ከተፈረመ በኋላ የተጠራ ሰው ለማጨብጨብ እንጂ ለመምከር አልተጠራም።

«ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱ ዕዳውን በሕመምተኛው ላይ ይጥላል። ሆኖም ማንም ሳይጠይቀው የቀረውን ሰው ደበቀ ማለት ፍርድ ማጉደል ነው። ዕቅድ የሚያወጣው ሹም፥ የሚያስተምረው መምህር፥ ነገ በሹመት ወንበር የሚቀመጠው ተማሪ ይህን ዕዳ ከሕመምተኛው ጋር ሊካፈሉ ይገባቸዋል። ከእነርሱም መካከል አንድ ሌሊት ቃሬዛ የማያሻው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊናገር የሚችል የለም።