የታወቀው ፈቃድ

ፈቃደ እግዚአብሔርን መሻት የክርስቲያን ሁሉ ግዴታ መሆኑን የሚክድ ምእመን በአገራችን አይገኝም፤ በየዕለቱ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም የፈጣሪው ፈቃድ በሰማይ እንደሚፈጸም በምድርም እንዲፈጸም የማይለምን የለምና። ጭንቀቱ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ ይኸውም ይህ ዘወትር የምንለምነው ፈቃድ በዛሬው ሥራችን፣ በቤታችንና በእርሻችን፣ በገበያችንና በሽምግልናችን ምን እንደሚለን በምን እናውቃለን የሚለው ጥያቄ ነው። የንስሐ አባቶች እንደሚያውቁት፣ ወጣቱ ወደ እነርሱ ቀርቦ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ስለማይታየው ነገር ነው፤ «አባቴ፣ ይህችን ልጅ ላግባ ወይስ ልተው? ባሕር ዳር ሄጄ ሥራ ልፈልግ ወይስ በአባቴ መሬት ላይ ልቆይ? የእግዚአብሔር ፈቃድ የቱ ነው?» ይላል። የተበደረውን ገንዘብ መመለስ፣ የተጣላውን ወንድሙን መታረቅ ፈቃደ እግዚአብሔር ይሆን ወይስ አይሆን ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይሰማም፤ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋልና። በእኔ አስተያየት የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከፈቃደ እግዚአብሔር የሚበዛው ክፍል የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ እኛ የተሰወረውን ጥቂት ስንመረምር የታወቀውን ብዙ እያለፍነው እንኖራለን።

ይህን በአንድ ስፍራ እንየው፤ ሐሙሲት በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ታቦር የሚያቀናው መንገደኛ ያልፍባታል፣ ስሟንም ያገኘችው በየሳምንቱ ሐሙስ ከሚቆመው ገበያዋ ነው። ገበያ ደግሞ ለያዝነው ጥያቄ ከቤተ መቅደስ ቀጥሎ ተስማሚ የመመርመሪያ ስፍራ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ እንኳ በመልእክቱ ስለዚሁ ነገር ሲያስተምር ያነሣው ነጋዴዎችን ነው፤ ወደ እገሌ ከተማ ወርደን፣ ዓመት ከርመን፣ ነግደን እናተርፋለን የሚሉትን ገሥጾ፣ ሕይወታቸው ታይቶ እንደሚጠፋ ጉም መሆኑን አሳስቦ፣ ነገራቸውን ሁሉ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሚል ቃል እንዲያስሩት ያዛቸዋል። ይህን ትምህርት አገራችን አጥብቃ ይዛዋለች፤ ነገን የሚነካ ንግግር ሁሉ፣ ቀጠሮውም ውሉም የጉዞውም ዕቅድ፣ ያለዚህ ቃል አይነገርም። ሐዋርያው ግን በዚህ አላበቃም። ወዲያው አስከትሎ መልካም ማድረግን እያወቀ ለማያደርገው ኃጢአት እንደሚሆንበት ይናገራል፤ ከዚያም ጥቂት አለፍ ብሎ በሦስተኛ ነገር ላይ ይደርሳል፣ እርሱንም ኋላ አነሣዋለሁ። ስለ ነገ የማናውቅ ስለ ሆንን ትሕትናን አዘዘን፤ ስለ ዛሬ የምናውቅ ስለ ሆንን ግን ሥራን አዘዘን። ከሁለቱ ትእዛዛት በአንደበት የሚፈጸመውን ይዘን፣ በእጅ የሚፈጸመውን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን።

በጤፍ ተራ ቆሞ የተመለከተ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ሻጪቱ የጆንያዋን አፍ ገልበጥ አድርጋ ጣሳዋን ወደ ውስጥ ትሰደዋለች፣ ሞልታ ታነሣዋለች፣ ከዚያም መዳፏ በጣሳው አፍ ላይ ይመጣል። ያ መዳፍ ጤፉን ከምሮ ሊያቅፈው ይችላል፣ ጠርጎም ሊያጎድለው ይችላል፤ የጣሳው ቂጥ ወደ ውስጥ የተሰረጎደ እንደ ሆነም ከሻጪቱና ከፈጣሪዋ በቀር የሚያውቅ የለም። ይህች ሴት በዚያች ቅጽበት ሱባኤ መግባት፣ ሕልም መጠበቅ፣ ባሕታዊ ፈልጋ መጠየቅ አያስፈልጋትም፤ ሚዛኑና መስፈሪያው የቀና እንዲሆን የሚያዘው ቃል በኦሪት የተጻፈ፣ ከመጻፉም በፊት በልቡና የታተመ ነውና። ሥፍሩ ሲያበቃ ደግሞ ገበያተኛ ሁሉ የሚጠብቀው ምርቃት አለ፤ ሻጪቱ በእፍኟ ዘግና ከተሰፈረው በላይ ታክላለች። ሥፍሩ የሕግ ነው፣ ምርቃቱ የትሩፋት ነው፤ ሁለቱም መልካም ሲሆኑ መቅደምና መከተል ግን አላቸው። ጣሳውን አጉድላ ምርቃቱን ያበዛች ሻጭ የገዢውን ገንዘብ ለገዢው ስጦታ አድርጋ ሰጠችው እንጂ ከራሷ ምንም አልሰጠችም፤ እርሱም ይህን ሳያውቅ አመስግኗት ይሄዳል። የባልንጀራውን ድንበር ገፍቶ ያረሰ ገበሬ ከዚያው ማሳ ባገኘው እህል ለታቦት ዣንጥላ ሲሳል፣ የእንጀራ ልጇን ስታስርብ የከረመች ሴት በጻድቃን ስም ዝክር ስታወጣ፣ ከሥፍሩ የጎደለው በምርቃት ስም እየተመለሰ ነው። ስእለቱም ዝክሩም የተቀደሰ ሥርዓት ነው፤ የሚያሳዝነኝ በእርሱ አማካይነት የታወቀውን ፈቃድ ለመሸፈን መሞከሩ ነው።

የተሰወረውን ለማወቅ ያለን ጉጉት ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ለመረዳት አውደ ነገሥትን ማሰብ ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላን ሁሉ አውግዛ ሳለ፣ የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቁጥር ደምሮ፣ ገድፎም በቀሪው ኮከቡን የሚያወጣው ያ መጽሐፍ ጠያቂ አጥቶ አያውቅም። እውነቱን እንመርምር ካልን፣ ኮከቡን ሊያስቆጥር የሄደ ሰው የጠየቀው ዕድሉን ነው። ዕድሉን የሚጠይቅ ምን ያገኘኝ ይሆን ይላል፤ ፈቃደ እግዚአብሔርን የሚጠይቅ ምን ላድርግ ይላል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ናቸው፤ ነገር ግን ፊተኛው የኋለኛውን ልብስ ለብሶ በጸሎታችን ውስጥ እንደሚገባ መካድ አይቻልም። ጾሞና ሰግዶ ምልክት የሚለምን ክርስቲያን፣ ጋብቻው እንደሚሠምርለት ወይም ንግዱ እንደማይከስርበት ዋስ ለማግኘት ብቻ የሚለምን ከሆነ፣ ደጁ ተለወጠ እንጂ ልመናው ያው የኮከብ ልመና ነው። አብርሃም ከካራን ሲወጣ ውጣ መባሉን እንጂ የሚደርስበትን አያውቅም ነበር። መድረሻውን አስቀድሞ ቢያውቀው ኖሮ ለእምነት ምን ቦታ ይቀርለት ነበር?

መምህራን እግዚአብሔር ወዶ የሚያደርገውንና ታግሦ የሚተወውን ለይተው ያስተምራሉ፤ ይህም ልዩነት ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስለን፣ በየልቅሶው ቤት የሚያስፈልግ ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ማሳው የተወሰደበት ገበሬ «እግዚአብሔር ያመጣው ነው» ብሎ ቢቀመጥ፣ ይህ ቃል በእርሱ አፍ የኢዮብ ቃል ነው፣ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ዘር ሊያበድረው፣ በሬ ሊያውሰው የሚችል ጎረቤቱ ያንኑ ቃል ተናግሮ ወደ ቤቱ ቢገባ ግን ቃሉ ሌላ ይሆናል። ምጥ የጸናባት ሴት በጊዜው ቃሬዛ ተዘጋጅቶላት ወደ ሕክምና ሳትወሰድ ቀርታ ብታርፍ፣ ሊወስዷት ይችሉ የነበሩት ሰዎች ቀኗ ደርሶ ነው ብለው ሲጽናኑ መስማት ልብን ያቆስላል። እግዚአብሔር የወደደው ያቺን ሴት ተሸክመው እንዲነሡ ነበር፤ የሆነው ሁሉ የተወደደ ነው ካልን ግን በደልና ጽድቅ መለያ ያጣሉ፣ ፈቃዱ በምድርም ይፈጸም ዘንድ መለመናችን ትርጉም ያጣል፤ እንዲፈጸም የምንለምነው ገና ያልተፈጸመ ስላለ ነውና።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣብኝ ይችላል፤ የጣሳውና የብድሩ ነገር ቀላል ነው፣ ነገር ግን ሥልጣን ያላቸው ሰዎች በእግዚአብሔር ስም እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ሲያዙ ምእመን ወዴት ይሂድ? ይህ ጥያቄ በዚሁ በጣና ዳር በደም የተጠየቀ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀብሎ፣ በ1626 መንግሥቱ ለሮም እንዲገዛ አድርጎ፣ ከብዙ እልቂት በኋላ በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ እስኪፈቅድ ድረስ፣ የአንዱ ንጉሥ አዋጅ ዛሬ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የተባለውን በዐሥር ዓመት ውስጥ ሲሽረው ታየ። በዚያ ዘመን የንጉሡ ሹም የመልክአ ክርስቶስ ሚስት የነበረችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፣ ባሏ ጳጳሱን አቡነ ስምዖንን ካስገደለው ወገን ጋር ስለ ቆመ ትታው መነነች፤ የንጉሡን ሃይማኖት በመቃወሟም በሸንጎ ቆመች፣ ሦስት ዓመት በግዞት ኖረች፣ ከዚያም በጣና ዙሪያ የመነኮሳትና የመነኮሳዪያት ማኅበራትን መሠረተች። በስሟ የምትጠራው የቆራጣ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው በዚሁ በደራ ነው፤ ዕረፍቷ ኅዳር 17 ይታሰባል፣ ገድሏንም ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1672 ጽፎታል።

ከዚህ በስተሰሜን በእንፍራዝ ደግሞ፣ ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ የሚተርከው ሌላ ሰው አለ። በዚያው ንጉሥ ዘመን ተከሶ፣ ሸሽቶ፣ ሁለት ዓመት በዋሻ ተሸሽጎ፣ በመጨረሻ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት የተጠጋ ሰው ነው። እርሱ መልሱን የፈለገው እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ በሰጠው በልቡና ብርሃን ነው። እርሷ ለአባቶቿ ሃይማኖት ስትል ትዳሯን ተወች፤ እርሱ ትዳርን የፈጣሪ ሕግ ነው ብሎ ምንኵስናን ነቀፈ፤ ቢገናኙ ኖሮ ብርቱ ክርክር በተነሣ ነበር። እኔ በሃይማኖት ከወለተ ጴጥሮስ ወገን ነኝ፤ ልቡና ብቻውን ሲሄድ የራሱን ምኞት ብርሃን አድርጎ እንደሚያይ አምናለሁና። ሆኖም ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ አዋጅ ስለ ታወጀ፣ ሰይፍም ስለ ተመዘዘ ብቻ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው አልተቀበሉም። ከዚያ የሚበልጠውም ይህ ነው፤ ያ ታላቅ ጭንቅ ካለፈ በኋላ ሁለቱም የተገኙት በዕለት ሥራ ላይ ነው። የወይዛዝርት ልጅ የሆነችው እናት በገዳም እንደ ማንኛዋም አገልጋይ ዝቅ ብላ ስትሠራ ገድሏ ያሳየናል። ዘርአ ያዕቆብም ኂሩት የተባለችውን የሀብቱን ቤት አገልጋይ ሊያገባ በፈለገ ጊዜ፣ ገረድ ሆና ሳይሆን ሚስት ሆና፣ በጋብቻም ከባሏ ጋር ትክክል ሆና እንድትኖር አጽንቶ ጠየቀ። የዘመኑ ሊቃውንት ስለ ባሕርየ ክርስቶስ ሲከራከሩ፣ በእንፍራዝ አንዲት ገረድ እመቤት ሆነች፤ ይህም ከክርክሩ ያነሰ የፈቃደ እግዚአብሔር ፍጻሜ አይመስለኝም።

ከትእዛዝ ውጭ የሆነውስ፣ ያ ወጣት ስለ ጋብቻውና ስለ መንገዱ የጠየቀው? አስተዋይ የንስሐ አባት እንዲህ ሲሉ ይመልሱለታል፤ «ልጄ፣ ልጅቱ በሃይማኖት ትመስልሃለች? እርሷስ ፈቅዳለች? ቤተ ዘመዱስ መክሮበታል? እንግዲያ ምን ቀረህ? ጸልይና በቍርባን አግባ።» አባት ለጎለመሰ ልጁ በሬና መሬት ከሰጠው በኋላ የትኛውን ትልም አስቀድሞ እንዲያወጣ ከዳር ቆሞ አያዘውም፤ እንዲሁም እግዚአብሔር ሰውን ነጻ ፈቃድ ያለው አድርጎ ሲፈጥረው በመልካምና በመልካም መካከል መምረጥን ለእርሱ ትቶለታል። በሁለት የቀኑ መንገዶች ፊት ቆሞ አንዱ ብቻ የተፈቀደ እንደ ሆነ አድርጎ የሚንቀጠቀጥ ክርስቲያን፣ አባቱን ወጥመድ እንደሚያጠምድ ባላጋራ እየቆጠረው መሆኑን አያስተውልም። ይህ ፍርሃት ብዙ ወጣቶችን አንዱንም ሳይጀምሩ አስረጅቷል፤ ለእነርሱ ያለኝ ሐዘን የጠለቀ ነው።

ወደ ኋላ ያቆየሁት የሐዋርያው ሦስተኛ ነገር የአጫጆች ደመወዝ ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሉ ብሎ ባስተማረበት በዚያው መልእክት፣ እርሻቸውን ላጨዱላቸው ሠራተኞች ሳይከፍሉ የቀሩትን ባለጸጎች፣ የተቀማው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ የአጫጆቹም ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ብሎ ይከሳቸዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲሆን ከደጋው ማጭዱን በትከሻው አንጠልጥሎ ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከባለ ማሳው ደጅ ቆሞ ዋጋውን ሲጠይቅ፣ «ሐሙስ ከገበያ ስመለስ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚል መልስ ሲሰጠው፣ ገንዘቡም በባለ ማሳው መቀነት ውስጥ እያለ ከሆነ፣ የሐዋርያው አንደኛው ቃል የሌላውን ቃሉን ማፍረሻ ሆነ ማለት ነው። የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው፣ ድኻ ነውና ነፍሱም በእርሱ ላይ ናትና፣ ሙሴ በኦሪት አዝዞታል። ነገ በጠዋት ሠራተኛው ወደ አገሩ ወደ ፋርጣ ይነሣል፤ ሚስቱና ልጆቹ የሚጠብቁት እህል መግዣው ያው የተከለከለው ገንዘብ ነው፤ ስለዚህም ባለ ማሳው እግዚአብሔር ምን እንደ ፈቀደ ለማወቅ እስከ ሐሙስ መቆየት አያስፈልገውም።