ጠጠሩን ማን አደለ?

ባሕር በከበባት ደሴት አንድ ሽማግሌ ነበሩ አሉ። አንድ ምሽት ከጀልባ የወረደ ሰው ደጃቸው ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» አላቸው። «ቤት ለእንግዳ» ብለው አስገቡት፤ ቦዬ ቀቅለው አበሉት።

ሲነጋ እንግዳው አልሄደም። ወንድሙን አስጠራ፤ ወንድሙም ሚስቱን፣ ሚስቱ ዘመዶቿን። ጓዳው ሲሞላ ባለቤቶቹ ወደ ጓሮ ተገፉ። የሽማግሌው ልጆች ማጉረምረም ሲጀምሩ እንግዳው ጨዋ ሐሳብ አመጣ፦ «ምን ያጣላናል? የቤቱን ነገር በድምፅ እንቁረጥ። ለአንድ ሰው አንድ ጠጠር።» ሁሉም ጠጠሩን ቅል ውስጥ ጣለ፤ በሁሉም ፊት ተቆጠረ። የእንግዶቹ በለጠ።

«አጭበርብራችኋል የሚል አለ?»

«ቆጠራው ልክ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ጠጠሩን ያደለው ማን ነው?»

ይኼኔ ከእንግዶቹ ወገን አንዲት ልጅ ተነሳች። «አባባ፣ እኔ እኮ እዚሁ ቤት ነው የተወለድኩት። ሌላ ቤት አላውቅም።» ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት እንጂ አልመለሱላትም።

ደሴቲቱ በፓስፊክ ያለችው ኒው ካሌዶኒያ ናት፤ ሽማግሌው ነባሮቹ ካናኮች ናቸው። ፈረንሳይ በ1853 ያዘቻት (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ እስረኞቿን አጋዘችባት፤ ለም መሬቱን ለሰፋሪ ሰጠች። የመምረጥ መብት ለካናኮች ሁሉ የተዳረሰው በ1957 ነው። ከዚያ የኒኬል ገበያ ሲደራ ሰዉ ጎረፈ። ጎርፉም ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ሜስሜር በ1972 በጻፉት ደብዳቤ፣ የነባሩን ሕዝብ የብሔርተኝነት ጥያቄ ለማስቀረት ከፓስፊክ ውጭ የመጡት በቁጥር መብለጥ እንዳለባቸው በግልጽ አስፍረዋል። ጠጠር አዳዩ እንዲህ ፊርማውን ሲያኖር ማየት ብርቅ ነው።

ስለዚህ ኅዳር 18 ቀን 1984 የግዛቲቱ ምክር ቤት ምርጫ ሲካሄድ የካናኮች የነጻነት ግንባር በምርጫው ላይ አደመ። ከግንባሩ መሪዎች አንዱ ኤሎዋ ማሾሮ ካናላ በምትባል ከተማ የድምፅ ሣጥኑን በመጥረቢያ ሰነጠቀው። ለፈረንሳይ የወገነው ፓርቲ ከ42 መቀመጫ 34ቱን ወሰደ፤ በቁጥር ደረጃ እንከን የለሽ ድል! ማሾሮን በቀጣዩ ጥር የፈረንሳይ ልዩ ጦር ተኩሶ ገደለው።

መጥረቢያው ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ ይሁን፤ ለልጅቷ ግን አይሆንም። የ1998ቱ የኑሜያ ስምምነት ሁለቱንም ለማስታረቅ ሞከረ፤ ኋላም ከስምምነቱ በኋላ የገባ ሰው በአውራጃ ምክር ቤቶች ምርጫ እንዳይሳተፍ የመራጮች መዝገቡ ተዘጋ። ለጊዜው ይበጃል የተባለው መዝገብ ግን እየሰነበተ፣ በደሴቲቱ ተወልደው ያደጉ ልጆችንም ጭምር ውጭ አስቀረ። በግንቦት 2024 ፓሪስ አሥር ዓመት ለኖረ ሁሉ ልክፈተው ስትል ዋና ከተማዋ ኑሜያ በእሳት ነደደች፤ ሰው ሞተ። መዝገቡን የመክፈቱ ማሻሻያ ተተወ፤ ምርጫውም ደጋግሞ ተራዘመ።